የጋሽ ቀጣይ መስታወት

ጋሽ ቀጣይ እንግዳ የሚቀበሉት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው መጀመሪያ ቀን ይቀየማል፤ እኔም ተቀይሜ ነበር።

አክስቴ የምትኖረው በአረጋውያን መኖሪያው ላይኛው ፎቅ፣ ከእሳቸው ክፍል ፊት ለፊት ነው። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ ወሬያችንን ስንጨርስ፣ "እስቲ ጎረቤቴንም ሰላም በለው፤ ሰው ሲገባለት ነፍሱ ነው" ብላ ሰደደችኝ። አንኳኩቼ ገባሁ። ከወንበር መደገፊያ በላይ አንድ ሸበቶ ጭንቅላት ይታየኛል። ጭንቅላቱ ዞር ሳይል፣

"ግባ፣ ግባ! ቁጭ በል። ሰማያዊ ሸሚዝ ያምርብሃል፤ ከጆሮህ በላይ ያለውን ፀጉር ግን ማነው እንዲህ የጋጠው?" አለኝ።

መስታወቱን ያየሁት ያኔ ነው። ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ቁመት ልክ ተሰቅሏል። ፍሬሙ ጥቁር እንጨት፣ የታችኛው ጠርዙ ደግሞ ትንሽ የተሰነጠቀ ነው። በመስታወቱ ውስጥ በሩ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ እንደ ጅል ቆሜ የቀረሁት እኔ እና ከሁላችን ፊት፣ መሀል ላይ፣ ዓይናቸው የሚስቅ አንድ ሽማግሌ አለን። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ስናወራ አመሸን፤ እሳቸው ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ እኔም በመስታወት ፊታቸውን እያየሁ። ትንሽ እንደቆየሁ ነገሩ ሁሉ ልክ መሆኑ ታወቀኝ። ፀጉር ቤት ነበር የገባሁት።

ወደዚህ ቤት የሚገባ ሰው ይዞት የሚመጣው ነገር ጥቂት ነው። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና ኮመዲኖው የቤቱ ናቸው፤ ሁሉም ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መጋረጃው እንኳ አንድ ዓይነት ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ነገርና ኮመዲኖ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ዕቃዎች ግን ይፈቀዳሉ። ሌላው የልጆቹን ፎቶ ይሰቅላል። አክስቴ ድሮ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት የሰጧትን የግድግዳ ሰዓት ሰቅላለች፤ አይሠራም፣ ግን ያምራል። ጋሽ ቀጣይ የሰቀሉት መስታወታቸውን ነው። ኮመዲኖው ላይ አንድ ማበጠሪያ፣ የአንገት ፀጉር ማራገፊያ ብሩሽና በአራት የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አለ። ምላጩንና መቀሱን በር ላይ ወስደውባቸዋል። "ጥርሴን አውልቀው አስገቡኝ" ይላሉ ስለዚያ ሲያነሱ።

ስማቸው ቀጣይ እንዳልሆነ መቼም ትገምታላችሁ። ዕድሜ ልካቸውን፣ አንዱን ደንበኛ ሲጨርሱ ጨርቁን ጠበቅ አድርገው አራግፈው "ቀጣይ!" ሲሉ ኖረዋል፤ ስሙ ከዚያ ወጣ። እዚህም ከምሳ በኋላ ሲስተር መድኃኒት ስታድል፣ የራሳቸውን ውጠው ሲጨርሱ "ቀጣይ!" ይላሉ ጮክ ብለው። ይሄኔ አክስቴ ትነሳባቸዋለች።

"አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ቀጣይ አይባልም ብዬሃለሁ!"

"ለምን?"

"ለምን ትላለህ ደግሞ! ወዴት ነው ቀጣይ?"

ሰው ሁሉ ይስቃል። እሳቸውም ይስቃሉ።

ሙያውን የተማሩት ከአጎታቸው ነው። አጎትየው አውቶቡስ መነሻው አጠገብ ጠባብ ፀጉር ቤት ነበረቻቸው። ጋሽ ቀጣይ መጀመሪያ ወለል ጠረጉ፣ ከዚያ ፎጣ አጠቡ፣ ከዚያ ሳሙና በጠበጡ። መቀስ ሲይዙ አጎታቸው የሰጧቸው ምክር አንድ ብቻ ነበር። ደንበኛህን ፊት ለፊት አትየው አሏቸው። ምላጭ አንገቱ ላይ እያለ ፊት ለፊት ካየኸው ይጨንቀዋል፤ በመስታወት ካየኸው ግን ያወራልሃል። ጋሽ ቀጣይም እንደተባሉት አደረጉ። ሰውን በመስታወት እያዩ አወሩ፣ በመስታወት ሳቁ፣ በመስታወት አስታረቁ፣ በመስታወት አጽናኑ። የከተማውን ግማሽ ወንድ በመስታወት ነው የሚያውቁት።

ችግሩ መንገድ ላይ ነበር። ትናንት ያስተካከሉትን ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙት ያልፉታል። ሰው ይቀየማል። ሚስታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በክርናቸው ጎሸም ያደርጓቸው ነበር፤ "ሰላም በለው እንጂ፣ ደንበኛህ ነው!" "እኔ እኮ ፊቱ ተገልብጦብኝ ነው" ይላሉ እሳቸው። ጠባሳው በግራ የነበረው ሰው አሁን በቀኝ ይመጣባቸዋል፤ ፀጉሩን ወደዚህ የሚያበጥረው ወደዚያ ሆኖ ያገኙታል። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነበር፤ እኔም ስቄ አሳለፍኩት። በኋላ ብዙ እንደማስበው መች አወቅሁ።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ሥራዋን የምትጀምረው ሰው ሳይነሳ ነው፣ ከሰዓት ትጨርስና እጅጌዋ ላይ ዱቄቱ እንዳለ ወደ አባቷ ትመጣለች። የፀጉር ቤቱ ሥራ ጉልበታቸውን ጨርሶት፣ የምትኖርበት ቤት ደረጃ ደግሞ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ "እኔን ተሸክመሽ ዱቄት ተሸክመሽ አትችይም" ብለው ራሳቸው ናቸው ወደዚህ የመጡት። ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ፀጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ ነበር። የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ አባቷ ጨርቁን ያራግፉና ቀና ይላሉ፤ መስታወቱ ውስጥ ከራሳቸው በቀር ማንም የለም።

"ልጄ፣ እኚህ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው እየጠበቁ ነው። ምን ልበላቸው?"

"ነገ ይምጡ በላቸው! ተዘግቷል!" ትላለች እሷ።

እሳቸውም ለመስታወቱ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱና መብራቱን ያጠፋሉ። በየቀኑ፣ ሳያሰልሱ። "አንድም ቀን ሳልስቅ ቀርቼ አላውቅም" አለችኝ፣ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ቆመን ስናወራ።

መስታወቱ የተነሳው በሲስተር ትእዛዝ ነው። ሲስተር የምንላት የፎቁ ዋና ነርስ ናት፤ ክፉ አይደለችም፤ ያደረገችውን ያደረገችው አስባ ነው። አንድ ጠዋት መድኃኒት ይዛ ስትገባ ጋሽ ቀጣይ ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አስረው፣ መስታወቱን ትኩር ብለው እያዩ፣ "ከጎን ቀነስ ላድርገው ወይስ እንዳለ ይሁን? ይናገሩ እንጂ፤ ዝም ካሉኝ እንዴት አውቃለሁ?" ሲሉ ሰማቻቸው። ማንን ነው የሚያናግሩት አለቻቸው። "ይኸው እሳቸውን ነዋ!" አሉና የመስታወቱን መሀል አሳዩዋት። ከዚህ በፊት አንዲት እናት ታችኛው ፎቅ ላይ መስታወት ውስጥ ካለችው ሴት ጋር ተጣልተው እጃቸውን አድምተዋል። ሲስተር ያ ትዝ አላት። ከሰዓት በኋላ የጥገና ሠራተኛው መጣና መስታወቱን አውርዶ ዕቃ ቤት አስገባው። ግድግዳው ላይ አንድ ምስማርና ከሌላው ቀለም ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰተት ብዬ ገባሁ። ሸበቶው ጭንቅላት በቦታው አለ። "ግባ" የሚል የለም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና "ጋሽ ቀጣይ፣ እንደምን ሰነበቱ?" አልኩ። ጭንቅላቱ ግድግዳውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ፈለገ። ከዚያ በብዙ ድካም ዞሩ። አዩኝ፣ አሁንም አዩኝ።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?"

አንቱ ብለውኝ አያውቁም። "ተሳስቼ ነው" ብዬ ወጣሁ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጃቸው የደረሰባት ከኔ የባሰ ነው። ጎናቸው ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ ስታወራቸው በትህትና ሲያዳምጧት ቆዩና፣ "እመቤት፣ ልጄ አሁን ትመጣለች። ዳቦ ታመጣለች፤ ካልቸኮሉ ይጠብቁና አብረን እንበላለን" አሏት። ዳቦው እሷ እቅፍ ውስጥ ነበር። ኮሪደር ላይ ስትወጣ አክስቴ ደግፋ አስቀመጠቻት። አላለቀሰችም። "እኔ የት ሄድኩ?" ብላ ብቻ ጠየቀች፣ ዕቃ የጠፋበት ሰው እንደሚጠይቀው።

ሲስተርም የቤቱን ደንብ ለልጅቷ ነገረቻት። ወር ባለቀ ቁጥር ሐኪም ይመጣል። ቤተሰቡን ለይቶ የማያውቅ ሰው ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርዳል። ታችኛው ፎቅ ንጹሕ ነው፣ ሞቃት ነው፣ አስታማሚዎቹም ደጎች ናቸው። ነገር ግን በሩ የሚከፈተው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የሚያውቁት ደግሞ ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው። የግል ዕቃ የሚባል ነገር የለም፤ የአንዱን አንዱ እያነሳ ጠብ ስለሚነሳ ልብሱም ፎጣውም የጋራ ነው። ማበጠሪያው፣ ብሩሹ፣ ነጩ ጨርቅ ሁሉ ይቀራል። "የሚያውቁት ዕቃ ከሌለ ማንነታቸውን በምን ይይዙታል?" አለቻት ልጅቷ። ሲስተር፣ "እስከዚያ እንይ" አለች።

በዚህ ጊዜ ፎቁ ለሁለት ተከፈለ። የአንደኛው ወገን መሪ ሾፌሩ ናቸው። ሾፌሩ በከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ ሸብተው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ዊልቸር የሚነዱ፣ የጋሽ ቀጣይ የድሮ ደንበኛ ናቸው።

"ሰውዬው ምንም አልሆነም!" አሉ ሾፌሩ። "እኔንም እኮ ድሮ መንገድ ላይ ያልፈኝ ነበር። ጠዋት ጢሜን ይላጨኛል፣ ከሰዓት አውቶቡሴ ውስጥ ገብቶ እንደማያውቀኝ ወደ ኋላ ይሄዳል።"

"አንተን ማን አይቶ የማያልፍህ አለ?" አለች አክስቴ። "እኔ የምልህ፣ ለደንበኛና ለልጅ አንድ ነው እንዴ? ልጁን እኮ ነው ያላወቃት!"

"ልጁንም በመስታወት ነው ያሳደጋት!"

"እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም። አርፈህ ተቀመጥ።"

"ተቀምጬ አይደል እንዴ ያለሁት?" አሉ ሾፌሩ ዊልቸራቸውን መታ መታ አድርገው።

ከዚያ የሊፍቱ ነገር መጣ። ልጅቷ አባቷን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ልታሞቅ ትወስዳቸዋለች። የሊፍቱ የኋላ ግድግዳ መስታወት ነው። አብረው ገቡ፤ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ጋሽ ቀጣይ ቀና አሉ።

"ውይ! መቼ መጣሽ? ሳትነግሪኝ ትገቢያለሽ እንዴ?"

ሥራዋን ጨርሳ ከመጣች ጀምሮ አጠገባቸው ነበረች። ዞራ ልታቅፋቸው ስትል ፊታቸው ላይ ያ ትህትና ሲመለስ አየች። "ይቅርታ እመቤት።" ወደ መስታወቱ ዞረች። "ልጄ!" አሉ። ግቢው ደረሱ፤ አልወረዱም። ወደ ላይ ተመለሱ። ላይ ደረሱ፤ አልወረዱም። ስለ ዳቦ ቤቱ ጠየቋት፣ ስለ አለቃዋ ጠየቋት፣ በግራ ቅንድቧ ላይ ስላለው ጠባሳ፣ ከአግዳሚው ወድቃ የተፈነከተችበትን ቀን አንስተው ተሳሳቁ። ሊፍቱ ሲወጣና ሲወርድ እነሱ ይጫወታሉ።

ሾፌሩ በሩ ላይ ሆነው በጠበቁ ቁጥር ሊፍቱ ተከፍቶ አባትና ልጅን ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ያያሉ።

"ይሄ መስመር ሰው አይጭንም እንዴ?" አሉ በመጨረሻ። "የመጨረሻው ፌርማታ ነው፣ ውረዱ!"

"ሾፌር!" አሉ ጋሽ ቀጣይ፣ በመስታወት። "ጢምህ አድጓል!"

ሾፌሩ አጠገባቸው ሊፍት ትጠብቅ ወደነበረችው አክስቴ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ፤ "አላልኩሽም?" ዓይነት።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን በማግስቱ ልጅቷ አባቷን ሊፍት ውስጥ ስታስገባ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አብራ ገባች። ጋሽ ቀጣይ በመስታወት ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ፤ ከዚያ ለጽዳት ሠራተኛዋ "ልጄ፣ ከስተሻል" አሏት። ሌላ ቀን ደግሞ መስኮቱ ጋ፣ ምንም መስታወት በሌለበት፣ ልጃቸውን ፊት ለፊት አይተው ጣታቸውን ዘርግተው ያንኑ ቅንድቧን ነኩና "አሁንም በብርድ ያምሻል?" አሏት። ወዲያው መልሰው እመቤት አሏት። ልጅቷ የትኛውን እንደምትይዝ ቸገራት። ስናወራ የምትለው ሁሉ ከመሀል ይቆረጣል። "መስታወት ቢሆን ኖሮ... ግን ያን ቀን ያለ መስታወት... ታዲያ የጽዳቷ ልጅስ?" እኔም እሷ በጀመረችው ገብቼ መውጫው ይጠፋኛል። ግራ መጋባቱ ከእሳቸው ይልቅ እኛን ነው የያዘን።

ልጅቷ የእጅ መስታወት ገዝታ መጣች። ባለ እጀታ፣ ክብ። እጃቸው ላይ ስታስቀምጥላቸው ፊታቸው በራ፤ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ እሷን ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፣ ነጩን ጨርቅ አንገቷ ላይ አሰሩላት፣ ከኋላዋ ቆመው መስታወቱን ወደ ማጅራቷ አዘንብለው ያዙ። እንደሱ ነው የእጅ መስታወት ሥራው፤ ደንበኛ ከፊቱ ባለው ትልቅ መስታወት የራሱን ማጅራት እንዲያይ። ከፊቷ ያለው ግን ባዶ ግድግዳና ምስማር ነው።

"ከኋላ እንዲህ ሆኗል። ይበቃዎታል?"

"ይበቃኛል" አለች ልጃቸው ግድግዳውን እያየች። "እጅህ ይባረክ።"

በብሩሹ አንገቷን አራገፉላት። ዱቄት ነበር የረገፈው።

ያን ዕለት ልጅቷ ወደ ሲስተር ክፍል ገባች። እኔና አክስቴ በሩ ላይ ነበርን፤ መቼም መስማት የማንፈልግ መስለን።

"መስታወቱን መልሽልኝ። እለምንሻለሁ።"

"እህቴ፣ እኔም እኮ ግራ ገብቶኛል" አለች ሲስተር። "መስታወቱ እያለ ራሳቸውን ያናግሩ ነበር። ከተነሳ ደግሞ ማንንም አያናግሩም። የቱ ነው ደህና? ሰቅዬው ራሳቸውን ቢጎዱ ማን ይጠየቃል? ሳልሰቅለው ወደ ታች ቢወርዱስ እንዴት ዓይንሽን አያለሁ?" አስከትላም፣ "ሐኪሙ በሚመጣበት ቀን ይሰቀል። ሁለቱንም ይይ። ከዚያ እሱ ያለው ይሆናል" አለች።

ሐኪሙ የመጣው ቅዳሜ ነው። ገና ወጣት ነው፤ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የጥገና ሠራተኛው ከጠዋቱ መስታወቱን በዚያችው ምስማር ሰቅሎ በፎጣ ሸፍኖታል። ሐኪሙ ከመስታወቱ ፊት ወንበር ስቦ ከጋሽ ቀጣይ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠ። ልጅቷ ከጎኑ ቆመች። እኔ አግዳሚው ላይ ነኝ፤ አክስቴና ሾፌሩ ደጃፉ ላይ አንገታቸውን አስግገዋል።

"አባት፣ ይህቺን ያውቋታል?"

ጋሽ ቀጣይ ልጃቸውን በትኩረት መረመሯት። ለመርዳት የሚፈልጉ መሆናቸው ያስታውቃል።

"እመቤቲቱ ዳቦ ቤት የሚሠሩ ይመስለኛል። እጅጌያቸው ላይ ዱቄት አለ።"

ሐኪሙ እንዲቀጥሉ ጠበቀ። አልቀጠሉም። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ፣ "ዶክተር፣ እባክህ ተነሳና ከኋላቸው ቁምልኝ፤ እዚያ በሩ ጋ" አለችው። ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ ሲስተርን አየ፤ ሲስተር ራሷን ነቅንቃ እሺ አለችው። ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ ልጅቷም ፎጣውን ገፍፋ አጠገቡ ሄደች። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ሁለት እጥፍ ሆነ።

የጋሽ ቀጣይ ትከሻ ዝቅ ሲል አየሁት፤ ከባድ ነገር አስቀምጦ እንዳረፈ ሰው።

"አሃ! ሞልታችኋላ!" አሉ። "ሾፌር፣ አንገትህን ምን አስረዘመው? ግባ እንጂ። ነገረኛዋም አለች። አንተ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ እስከ ዛሬ የሚያስተካክልህ አጣህ? ልጄ! ከመቼ ጀምረሽ ነው የቆምሽው? ቁጭ በይ፣ ከሌሊት ጀምሮ ቆመሽ።" ሐኪሙ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን አጠበቡ። "አንተን ግን አላውቅህም። አዲስ ነህ። ግድ የለም፣ ተቀመጥና ጠብቅ።"

ሾፌሩ አጨበጨቡ። ሲስተር አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሐኪሙም ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ መስታወቱን ብቻ ታያለች፣ እንዳይሰበር የፈራች ይመስል። ሐኪሙ ሳቁ ሲበርድለት ዝቅ ባለ ድምፁ፣

"መሀል ላይ ያሉትስ ሰውዬ?" አለ።

ጋሽ ቀጣይ ወደ መሀል ተመለሱ። ሽማግሌው መልሶ አያቸው። እኔ ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ የአንደኛው ጀርባና የሌላኛው ፊት ነው።

"ልጄ" አሉ በመጨረሻ። "እኚህ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቁ ነው። ምን ልበላቸው?"

ከሁላችን ይህን ቃል የምታውቀው እሷ ናት፤ ከእሷ ሰምቼ ደግሞ እኔ። ፊቷን በመስታወት አየሁት። ልትስቅ ጀምራ መሀል ላይ ቆመች።

"ነገ ይምጡ በላቸው አባዬ" አለች። "ተዘግቷል።"

እጅ እስኪነሱ ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። ጎንበስ ቢሉ፣ መብራቱን አጥፉ ቢሉ፣ ዓይናቸውን እንኳ ጥቅስ ቢያደርጉ ይበቃን ነበር።

"ነገ ይምጡ ትላለች" አሉት ለሰውየው። ከዚያ በሐሳብ፣ "ግን ብዙ ጠብቀዋል እኮ" አሉ። "ደክሟቸዋል።"

ኮሪደር ላይ ሐኪሙ ልጅቷን ለብቻ ጠራት። እኛ ደግሞ ያው እዚያው ነን።

"ቀልድ ነው?"

"ቀልድ ነበር።"

"አሁንስ?"

"እኔ እንጃ ዶክተር።" እጅጌዋን ታራግፋለች፤ ዱቄቱ አይወርድም። "ድሮም ሲናገረው ፊቱ አይስቅም ነበር። የምስቀው እኔ ነበርኩ።"

ሐኪሙ ቆሞ ቆሞ፣ "ሰዎቹን ለይተዋል። ከታችኛው ፎቅ ማንም እንዲህ አይለይም" አለ። "የራሳቸውን ነገር... እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አልገባኝም። ክፍላቸው ይቆዩ። መስታወቱም ይቆይ፤ ሲስተር ደጋግማ ታያቸዋለች። ደግሜ ስመጣ እንነጋገራለን።"

"እኔም ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ ያለውን አላውቀውም" አሉ ሾፌሩ ከኋላ። "እንግዲህ እኔንም አውርዱኛ!"

"አንተ ማወቁንስ ታውቀዋለህ፤ ማመኑ ነው ያቃተህ" አለች አክስቴ።

ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ዳቦውን ስትቆርስላቸው ሰማናት። "ለእኚህም ሰውዬ ቁረሺላቸው" ሲሉ ሰማን። ቆረሰች ወይስ አልቆረሰችም አላየሁም። በሩ ገርበብ ብሏል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አክስቴ ጋ ከመግባቴ በፊት የእሳቸውን በር አንኳኳሁ።

"ግባ፣ ግባ! ሰማያዊ ሸሚዝ! ዛሬ ደግሞ ቡናማ ለበስክ።"

ደስ አለኝ። ነጩ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ታስሯል፤ ማበጠሪያው እጃቸው ውስጥ ነው። "ጋሽ ቀጣይ፣ ደህና ነዎት?" ብዬ ወደሳቸው ልጠጋ ስል እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አግዳሚውን አሳዩኝ።

"ቁጭ በል፤ አትቸኩል። ከፊትህ አንድ ሰው አለ።"

በመስታወት አየኋቸው። ዓይናቸው ይስቅ እንደሆነ ለማየት አንገቴን ወደዚህም ወደዚያም አልኩ። ፊታቸውን የሸፈነው ማበጠሪያውን የያዘው እጃቸው ነው፤ ሽበታቸውን ወደ ጎን፣ ቀስ ብለው፣ በጥንቃቄ ያበጥሩታል። ተቀመጥኩና ጠበቅሁ።